ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር

እናቴ መኪና ውስጥ ከገባች ዝም አትልም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሚያውቀው ነው። ቤት ውስጥ ቁጥብ ናት። ስልክ ማዞሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ፣ የሰማችውን ወሬ አንድም ቀን ይዛ ቤት አልመጣችም። ከአባቴ ጎን ያለው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። «አሁን አጉረመረመች። አሁን ቀለላት። ከሥር የሆነ ነገር ይንኳኳል።» በዚህ ላይ ግራ እጇን አባቴ ጉልበት ላይ ጣል አድርጋ፣ አንዴ ትጨብጠዋለች፣ አንዴ ትመታዋለች፣ አንዴ በጣቷ ትነካካዋለች። እኔ ብሆን ገና ከሰፈር ሳልወጣ አውርጄ በእግሯ እሰዳት ነበር። አባቴ ግን ቃል አይተነፍስም፤ መንገዱን እያየ ይነዳል። በትዕግሥቱ ስንት ዓመት ስደነቅ ኖሬአለሁ።

መኪናዋ ከእኔ በአራት ዓመት ትበልጣለች። ካርታ የሚያነሱ መሐንዲሶች እየኖሩባት አገር ሲዞሩ ቆይተው፣ በቃችን ብለው ሲጥሏት አባቴ በጨረታ ገዛት። መኪናም ቤትም ናት። ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ አላት፣ የእጅ መታጠቢያ አላት፣ ታጥፎ አልጋ የሚሆን ጠረጴዛ አላት፤ ከኋላ ደግሞ እናቴ መጋረጃ የሰፋችለት ሰፊ አልጋ አለ። የሰፈር ሰው «ወይዘሮዋ» ይላታል፣ ስለማትቸኩልና ሁሉም ስለሚያሳልፋት። አባቴ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ጋራዡም አብሮት ወጥቶ ወይዘሮዋ ውስጥ የገባ ይመስላል። የማንኪያው መሳቢያ ግማሹ ማንኪያ፣ ግማሹ የሞተር ካንዴላ ነው። ስኳር ፍለጋ ቆርቆሮ ከፍቼ ብሎን አግኝቻለሁ።

የጉዞው ምክንያት የእናቴ ዓይን ነበር። ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። በግራው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው፤ እሱም በየወሩ እየደበዘዘ ነበር። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ተራ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከትልቁ ከተማ የዓይን ሆስፒታል ተደወለ። ከሟች የተለገሰ የዓይን ብሌን ተገኝቷል። ብሌኑ ብዙ ቀን አይቆይም፤ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካልደረሰች ከእሷ ቀጥሎ ላለው ሰው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ተራው መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። ዓይኗ እስከዚያ መቆየቱንም ማንም አያውቅም።

በእኛና በሆስፒታሉ መካከል ዘጠኝ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር አለ። አውሮፕላኑ እስከ ዓርብ ሞልቷል። አውቶቡስ ውስጥ እናቴ አንድ ሰዓት ከተቀመጠች ታስመልሳለች። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ በደወል ገብቼ በደወል የምወጣ ሰው ስለሆንኩ መፍትሔው ወዲያው ታየኝ። «ሾፌር ያለው አዲስ መኪና እንከራይ» አልኩ። አባቴ መስኮቱን እያየ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ደገምኩት። «ወይዘሮዋ ታደርሰናለች» አለች እናቴ በእሱ ፈንታ፤ ክርክሩም በዚሁ አለቀ። እኔ መንዳት አልችልም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አባቴ ሊያስተምረኝ ሞክሮ በሁለተኛው ቀን ተኮራርፈን ነው ሳልማር የቀረሁት፤ ስለዚህ ብዙ የምናገርበት አፍ አልነበረኝም።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ወጣን። እኔ ከኋላ ታጣፊው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጬ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አርማለሁ፣ በየመሀሉ ሰዓቴን አያለሁ። ወይዘሮዋ ሜዳ ላይ ስልሳ ትሄዳለች፤ ደስ ሲላት ስልሳ አምስት። መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን እናቴ «እንደ ጫጩት ጮኸች» አለችና የአባቴን ጉልበት ሁለቴ መታችው። እኔ ምንም አልሰማሁም። አባቴ ወዲያው ዳር ይዞ ቆመ። ኮፈኑን ሲከፍተው፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ጠርዙ ተተልትሎ ሊበጠስ ምንም አልቀረውም።

እዚህ ላይ ለአባቴ ልመስክርለት። እጁን ይታጠባል፤ ከሥራ በኋላ አይደለም፣ ከሥራ በፊት። ነጭ ጨርቅ ይዘረጋና መፍቻዎቹን በሚያነሳቸው ቅደም ተከተል ይደረድራል። የፈታውን ብሎን ሁሉ በተፈታበት ተራ ያስቀምጣል። አይቸኩልም፣ አይሳደብም፣ ብረት በብረት አይመታም። ሰዓት ያዝኩለት፤ ቺንጋውን ቀይሮ፣ ጨርቁን አጥፎ፣ እጁን እንደገና ታጥቦ መሪው ላይ እስኪቀመጥ አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀበት። እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ጸጥ ለማሰኘት ከዚህ የበለጠ ይፈጅብኛል።

ከሰዓት በኋላ ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ ነዳጁ ቱቦው ውስጥ በሙቀት እየፈላ ሞተሩን ሊያፍነው ሆነ። ይህንንም እናቴ ቀድማ ነገረችው፤ «ትንፋሽ አጠራት» አለች፣ ጉልበቱን ቆንጠጥ እያደረገች። አባቴ ቆሞ እርጥብ ጨርቅ ቱቦው ላይ ጠቀለለ፤ ሩብ ሰዓት ያህል በትዕግሥት ሲያቀዘቅዛት ቆየና አስነሳት። ዳገቱ ጫፍ ላይ የሚያብለጨልጭ አዲስ መኪና የያዘ ጎልማሳ ኮፈኑን ከፍቶ ስልኩ ላይ ሲጮህ አልፈነው ሄድን። ደስ አለኝ፤ ክፋቴን አልደብቅም። ማታ አንድ ማደያ ግቢ ውስጥ አደርን። የቀረን አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የሆስፒታሉ ነርስ ደወለች። እናትሽ በደንብ ትረፍ አለችኝ፤ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ከተገኘ ቀዶ ጥገናው አይሠራም። እናቴ ደግሞ ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው ያደረችው። ስልኩን ዘግቼ ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ዛሬ አልጋው ላይ ተኝተሽ ነው የምትሄጅው።»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«እዚያ ቁጭ ብለሽ ስትጨነቂ ግፊትሽ ይጨምራል። ይመልሱሻል። ይሄ ሁሉ መንገድ ለከንቱ ይቀራል።»

«አልጨነቅም እኮ። ሥራዬን ነው የምሠራው።»

«ምን ሥራ አለሽ? እሱ ይነዳል፣ አንቺ ታወሪያለሽ።»

ይህን ስል የወጣኝ ድምፅ ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት ነበር። እናቴ ፊቷን ወደ አባቴ ጥላ አዞረች። ጉልበቱን ዳበስ አድርጋ፣ ግድግዳውን እየያዘች ወደ ኋላ ሄደች። መጋረጃውን ሳብኩላትና ወንበሯ ላይ እኔ ተቀመጥኩ።

ዝምታው ደስ አለኝ። አባቴ በየጥቂቱ ፊቴን ያያል፤ ፈገግ እልለታለሁ፤ እሱም ወደ መንገዱ ይመለሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከፊት በኩል ቀጭን ፉጨት ተነሳ። ሰማሁት፤ አልሰማሁም ብዬ ልዋሽ አልችልም። ቆይቶ ፉጨቱ ወደ መፋጨት ተለወጠ፣ ቢላ ድንጋይ ላይ እንደሚሳል ዓይነት። አባቴ አየኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቶቡስ የጠገነ ሰው እኔ የሰማሁትን ሳይሰማ አይቀርም ብዬ፣ እንደ እናቴ ነዝናዛ ላለመሆን፣ አሁንም ፈገግ አልኩለት። እሱም ነዳጅ ጨመረላት።

መጋረጃው ተገፈተረ። እናቴ በባዶ እግሯ ቆማ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ «ንኪው» አለችኝ። «እሱን ንኪው፣ በእጅሽ ንኪው።» ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባኝ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ጮሆ ተሰበረ፤ የፊት መስታወቱም በነጭ እንፋሎት ተሸፈነ።

አባቴ ዳር ይዞ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ተከትዬው ወረድኩና «አባዬ፣ ምንድን ነው የሆነው?» አልኩት ከጀርባው። መልስ የለም። ደገምኩት። በዚህ መሀል አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን እየነፋ አጠገባችን ሲያልፍ እኔ ከመሬት ዘለልኩ። የአባቴ ትከሻ ንቅንቅ አላለም።

«አይሰማም» አለች እናቴ፣ በሩ ላይ ቆማ።

«መቼ ጀምሮ?»

«ግራው ጡረታ ሳይወጣ ነው የሄደው። ቀኙ ስድስት ዓመቱ። የጋራዡ የሞተር መሞከሪያ ክፍል ጩኸት ነው የበላበት።»

«ለምን አልነገራችሁንም?»

«ቁልፉን ትቀሙት ነበራ።»

እውነቷን ነው፤ የመጀመሪያዋ ቀሚ እኔ እሆን ነበር። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ስድስቱን ዓመት ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ጠርቼው ሳይዞር ሲቀር ንቆኝ ነው ብዬ ተቀይሜ የወጣሁባቸው ቀናት ነበሩ። እናቴ ጉልበቱን የምትጨብጠውን ደግሞ ከፍርሃት ነው ብዬ ነበር። እናቴ ዓይኗ እየጠፋ፣ የወይዘሮዋን እያንዳንዱን ድምፅ እየሰማች፣ አንድም ሳታስቀር ጉልበቱ ላይ ትነግረው ነበር። አፏ ለእኛ ነበር የሚያወራው፤ እኛን ለማሳሳት። አባቴም ስድስት ዓመት በእሷ ጆሮ ሲነዳ አንድም ቀን መንገድ ላይ ቀርቶ አያውቅም። የቀረው እኔ ወንበሯ ላይ በተቀመጥኩባት በመጀመሪያዋ ጠዋት ነው። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አባቴ ቀና ሲል ፊቴን አየና ገባው።

«ነገረችሽ» አለ።

«ነገረችኝ» አልኩ፣ ከንፈሬን ጎላ እያደረግሁ።

ወደ ሞተሩ ጠቆመኝ። በሞተሩ ውስጥ ውሃ የሚያዞረው ፓምፕ ነው የተበላሸው፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ፣ ያ ባለ ኳሱ ቀለበት፣ ተሰባብሯል። የሚቀርበን ከተማ ዘጠና ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ነው።

«አዲስ አለህ?»

«አዲስ የለኝም። አሮጌ አለኝ።»

ከአልጋው ሥር አንድ ቆርቆሮ ጎተተ። ውስጡ ከአውቶቡስ ፓምፖች የወለቁ፣ ልካቸው አንድ የሆነ ሰባት ኩሽኔታዎች በዘይት ወረቀት ተጠቅልለዋል። አንዱን ፈታና በጣቱ አሽከረከረው። ወደ ጆሮው ሊያስጠጋው ሲል እጁ መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያ ሰባቱንም ወስዶ እናቴ ጭን ላይ አፈሰሰላት።

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንዱን አነሣች፣ ጆሮዋ ሥር አድርጋ አሽከረከረች። «ይሄ አሸዋ ገብቶበታል።» ሌላ አነሣች። «ይሄ ያነክሳል።» ሦስተኛውን ገና ሳትጨርስ ጣለችው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ቆየች፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጆሮዋ፣ ዓይኗን ጨፍና። «ይሄኛው ንጹሕ ነው» ብላ በግራ እጇ ያለውን ዘረጋች። አባቴ እርግጠኛ ነሽ ወይ አላላትም። ተቀብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለተማሪዎቼ ስንቴ እንደነገርኩ አልቆጥርም። አባቴ የፓምፑን አካል ሾርባ የምንሠራበት ድስት ውስጥ ከተተና ምድጃው ላይ ቀቀለው። ብረቱ በሙቀት ሰፋ ሲል የተሰባበረው ኩሽኔታ በቀላሉ ወለቀ፤ እናቴ የመረጠችው ደግሞ በቦታው፣ ሳይመታ፣ በአንድ ጣት ግፊት ገባ። ፓምፑና ሞተሩ የሚገጥሙበት ቦታ ውሃ እንዳያፈስ ወፍራም ወረቀት ያስፈልገው ነበር። የፈተና ወረቀቶቼን አቃፊ ሰጠሁት። በፓምፑ ጠርዝ ልክ ቀድዶ፣ ቅባት አስነክቶ አለበሰው። ብሎኖቹ በተፈቱበት ተራ ተመለሱ። ለመጠጥና ለእቃ ማጠቢያ የያዝነው ውሃ በሙሉ ራዲያተሩ ውስጥ ገባ። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ሞተሩ ተነሣ፤ እናቴም «ተመለሰች» አለች። ሁለቱ ተያዩ ልል ነበር፤ እሱ አያት፣ እሷም ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

አሁን እናቴ ማረፍ አለባት፤ ወንበሯ ደግሞ ባዶ መሆን አይችልም። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እየሠራ ግማሽ ሰዓት አስተማረችኝ። መዳፍ ዘርግቶ ማሳረፍ፣ ደህና ናት። ሁለት ጊዜ መምታት፣ ቁም። መቆንጠጥ፣ ትንፋሽ አጥሯታል፣ ማርሽ ቀንስ። የእሷን እጅ በእኔ እጅ ላይ አድርጋ ታሳየኛለች፤ ስሳሳት ታርመኛለች፣ ሳትቆጣ። እኔ ተማሪዎቼን እንዲህ አላስተምርም።

«የመሰለሽን አትንገሪው» አለችኝ በመጨረሻ። «የሰማሽውን ብቻ ንገሪው።»

መጋረጃውን ሳበችና ተኛች። ግራ እጄን አባቴ ጉልበት ላይ አሳረፍኩ። ልጅ ሆኜ ነው መጨረሻ የነካሁት፤ ጉልበቱ ቀጭን ሆኗል። ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ መስማት ነበረብኝ። ሰው ያን ያህል ዓመት እየኖረ ምን ያህል ሳይሰማ እንደሚኖር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወይዘሮዋ ሜዳ ላይ በደስታ ታንጎራጉራለች፣ ዳገት ስታይ ድምፅዋን ታወፍራለች፣ ቁልቁለት ላይ ታፏጫለች። ዳገት ላይ ቆነጠጥኩት፣ ወዲያው ማርሽ ቀነሰ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ መታሁትና አቆምኩት። ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ሁሉንም ነገር አየ፤ ምንም የለም። ከመንገዱ በታች ያለ ወንዝ ነው የሰማሁት። ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ደግ አደረግሽ» አለኝ። «ዝም ከምትይኝ ይሻላል።»

ሲመሽ አረፍን፤ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሣን። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ወይዘሮዋ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆመች፣ ጭቃዋን እንደለበሰች። ነርሷ የእናቴን ግፊት ለካች። ደህና ነበር፤ የእኔን ብትለካ ኖሮ እኔን ታስተኛኝ ነበር።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ፋሻው በማግስቱ ሲነሣ ግን እናቴ ያየችው ጭጋግ ነው። ሐኪሙ ዓይኑ ቀስ በቀስ እንደሚጠራ፣ ሊጠራ እንደሚችል፣ አንዳንዴም እንደማይጠራ ነገረን። ታገሡ አለን። በየሁለት ቀኑ ስለምትታይ የግቢው ዘበኛ ወይዘሮዋን ከአጥሩ ጥግ እንድናቆም ፈቀደልን፤ እዚያው እንበላለን፣ እዚያው እናድራለን። አባቴ በየጠዋቱ አንድ ጣት ፊቷ ላይ ያቆማል፤ እናቴ «ጥላ ነው» ትላለች፤ እሱ ከንፈሯን አይቶ ራሱን ነቅንቆ ሻይ ሊያፈላ ይሄዳል። ስምንት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን፣ አሥር ቀን እንዲሁ ሆነ። ሻዩን ስኳር ሳይጨምርበት ማቅረብ ጀምሮ ነበር። ሐሳብ እንደያዘው ከዚያ አወቅሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አባቴ መስኮቱ ላይ ትንሽ መስታወት አቁሞ ጺሙን ይላጭ ነበር። ፊቱ ግማሹ ሳሙና ነው። እናቴ ጠረጴዛው ጋ፣ ከእሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦ እየቆረሰች ነበር። መቁረሷን አቆመች። ዓይኗ ግንባሩ ላይ ቆመ፣ ወደ ጉንጩ ወረደ፣ አንገቱ ላይ ቆየ፣ ተመልሶ ወጣ። እንዲህ ስታይ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል።

«እንዴት ነው ያረጀው» አለች፣ ለራሷ ያህል፣ በጣም ቀስ ብላ።

አባቴ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ አይቶ ዞረና የእኔን ፊት አየ። «ምን አለች?» አለኝ።

ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ማንንም የማይጎዳ፣ ጥሩ ውሸት። መልክህ አልተለወጠም አለች ብዬ ብነግረው ማን ይቀየመኛል? እናቴን አየኋት። ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም።

«እንዴት ነው ያረጀው ነው ያለችው» አልኩት፣ ከንፈሬን አጉልቼ፣ እያንዳንዷን ቃል እንዲያያት።

አባቴ ምላጩን አስቀመጠ። ወደ እናቴ ዞረ፤ እንባው ሳሙናው ላይ ወረደ።

«አየችኝ በይኛ» አለ።